ጉርድ ፎቶ ይዘው የመጡት ዋስ

ፊርማ የምፈራ ሰው ነኝ። የልጄን የትምህርት ቤት ወረቀት ስፈርም እንኳ መጀመሪያ እጄን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የዚያን ሐሙስና ዓርብ ነገር በደንብ እንድትረዱልኝ ነው።

ፍርሃቱ ከአባቴ የመጣ ነው። አባቴ አቃቂ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አንድ ጓደኛው ንብረት ክፍል ሊቀጠር ሲል «ዋስ ጥራ» ተባለና አባቴ ፈረመለት። ሰውዬው ዓመት ሳይሞላው ዕቃ ይዞ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የአባቴ ደመወዝ በየወሩ ይቆረጥ ጀመር፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሰው ቤት ገባሁ። እናቴ በዚያ ሁሉ ዘመን አባቴን አንድም ቀን ስትወቅሰው አልሰማሁም። እኔን ግን፣ «ጽጌ፣ ያላነበብሽው ነገር ላይ ስምሽን እንዳታስቀምጪ» ትለኝ ነበር። እሷ ራሷ ማንበብ አትችልም።

ያቺ እናቴ ኋላ ላይ እኔ ዘንድ አሜሪካ መጣች፤ ዜግነቷንም አገኘች። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ወዲህ ሦስታችን፣ እናቴ፣ እኔና ልጄ ሊዲያ፣ ኮሎራዶ ስቴት ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከኮልፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እኔ የምሠራው የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሊዲያ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የባንኩንም፣ የሐኪሙንም፣ የቤት አከራዩንም ወረቀት የምታነብልን እሷ ነበረች። በዚያ የጸደይ ወቅት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ነርሲንግ ትምህርት ቤትም ተቀብሏት ነበር። የተቀበሉበትን ደብዳቤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌው ጠዋት ጠዋት ወተት ሳወጣ በጣቴ ነካ አደርገው ነበር።

እናቴን ስትሮክ የመታት በዚያው ሰሞን ነው። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ከበደ። ሆስፒታል ጥቂት ከቆየች በኋላ ዶክተሩ፣ ሁለት ሰው ካላነሳት መነሳት ስለማትችል ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥታ እኛ ቤት መኖር እንደማትችል ነገረን። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ከእኛ ሰፈር ብዙም የማይርቅ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ ቤት፣ ውስጥ አልጋ አገኘችልን። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ሐሙስ ደግሞ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሄዶ ወረቀቱን ይጨርስ ተባልን።

እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያ ያስጨነቀኝ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነበር። እናቷን ነርሲንግ ሆም ጣለቻት ይሉኛል ብዬ ለቸርች ጓደኞቼ እንኳ አልተናገርኩም። ሐሙስ ጠዋት ግን ሌላ ጭንቀት ተጨመረብኝ። አንሶላ አብረን ስናጥፍ፣ ድሮ ፊላደልፊያ ትኖር የነበረች የሥራ ባልደረባዬ፣ «ተጠንቀቂ ጽጌ፣ እኛ በነበርንበት ስቴት የነርሲንግ ሆምን ዕዳ ልጅ ይክፈል የሚል ሕግ አለ። የማውቀው ሰው በእናቱ ምክንያት ተከሷል» አለችኝ።

«እዚህም እንደዚያ ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። አሜሪካ አይደል?» አለችና የአንሶላውን ጫፍ አቀበለችኝ።

ወዲያው ለሊዲያ ደወልኩ። «ነርሲንግ ሆሙ ቀድመሽኝ ብትደርሺም ምንም እንዳትፈርሚ። ከሥራ ወጥቼ እስክመጣ ጠብቂኝ።»

«ኦኬ ማሚ» አለችኝ። ልጆች ያሏችሁ ይህች «ኦኬ» ምን ያህል እንደምትታመን ታውቃላችሁ።

ከሥራ ወጥቼ ነርሲንግ ሆሙ ጋ ስደርስ ሊዲያ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። ፈገግ አለች።

«ኦል ዳን። አልጋው የእማማ ነው።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ወረቀቱ። ታብሌት ላይ ነው፤ በጣትሽ ነው የምትፈርሚው። አስር ደቂቃ አልፈጀም።»

«ጠብቂኝ አላልኩሽም?»

«ማሚ፣ አልጋውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ ሲሉኝ ፈራሁ። ደግሞ አንቺ ብትመጪስ? ያው እንዳነብልሽ ለእኔ ነበር የምትሰጪው።»

እውነቷን ነበር።

«አንብበሽዋል?»

«ዋና ዋናውን።»

«ዋና ዋናውን ተይና አሁን አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው።»

መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። በኢሜይል የላኩላትን ቅጂ ስልኳ ላይ ከፍታ እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስልኝ ጀመር። ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ አጠባ፣ ስለ መጠየቂያ ሰዓት። ረጅም ነበር። በየመሃሉ ቀና ብላ «አየሽ? ምንም የለውም» ትለኛለች። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም።

«ምን ይላል?»

«ቆይ።»

«ሊዲያ፣ ምን ይላል?»

«የእማማ ገንዘብ ካልበቃ… ቀሪውን ከራሴ ገንዘብ ለመክፈል ተስማምቻለሁ ይላል።» ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ማሚ፣ አይ ዲድንት ኖው፤ አላወቅኩም። ታብሌቱ ላይ ገጹ ወረደ ወረደ ሲል፣ ፈርሚ ሲለኝ ፈረምኩ።»

የአባቴ ፊት መጣብኝ። ደመወዝ በተቀበለበት ቀን ማታ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሚያየው አስተያየት። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ደብዳቤም አሰብኩ። እኔ በአባቴ ፊርማ ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ፤ ልጄ ደግሞ ገና ሳትጀምረው በራሷ ፊርማ ልትቀር ነው። መቆጣት ፈለግሁ፤ ግን ማንን? ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ወረቀት ያሸከምኳት እኔ ነኝ።

«ወደ ውስጥ እንግባና እንጠይቃቸው» አለች ሊዲያ።

«ባዶ እጃችንን ገብተን ምን እንላለን?» አልኳት።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። በእኛ አገር ዋስ የሆነ ሰው መውጣት ከፈለገ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ሌላ ዋስ ይተካል። አባቴም አንድ ሰሞን የሚተካው ሰው ፍለጋ ሲዞር ከርሟል፤ አላገኘም እንጂ። እኔ ብፈርም ደግሞ አይቀበሉኝም ብዬ አሰብኩ፤ ተከራይ ነኝ፤ የአንሶላ አጣቢ ደመወዝ ዋስ አይሆንም። ቤት ያለው ሰው ያስፈልጋል።

«ወደ ሴንቴኒያል ንጂ» አልኳት። «ጋሽ ኃይሉ ቤት።»

ጋሽ ኃይሉ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሴንቴኒያል በምትባለው ጎረቤት ከተማ የራሳቸው ቤት ያላቸው የቆዩ የቤተሰባችን ወዳጅ ናቸው። ስንደርስ ጋራዡ ክፍት ነው፤ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበረዶ ጎማ ይፈታሉ። ሲያዩኝ መፍቻው በእጃቸው እንዳለ ቀሩ።

«ጽጌ! በሥራ ቀን? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሽ ኃይሉ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ሊዲያ፣ አንቺ እዚያ ጎማው ላይ። ቡና አላፈላም፣ ለብ ያለ ፔፕሲ አለ።»

ነገሩን ከአባቴ ጀምሬ ነገርኳቸው። የመጣሁበት ጉዳይ ላይ ስደርስ ግን መንተባተብ ጀመርኩ። የሰውን ቤት ለዋስትና መለመን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? «የልጄን ስም አውጥተው… የሌላ ሰው… የእርስዎን…» እያልኩ ቀረሁ።

«ዋስ ልሁን ነው የምትይኝ?»

«አዎ። ግን ያስቡበት። ቤትዎ ቢያዝስ?»

«ቤቱ አራት መኝታ አለው። እኔ የምተኛው አንዱ ላይ ነው» አሉና ወደ ጎማቸው ዞሩ። ቀጥሎ የተናገሩት እኔን ሳያዩ ነው። «ባለቤቴ ኬሞ ላይ በነበረች ጊዜ እናትሽ በየቅዳሜው ትመጣ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ እንግሊዝኛ ሳታውቅ፣ አድራሻው የተጻፈበትን ወረቀት ለሹፌሩ እያሳየች። መጥታ እግሯን ታጥብላት ነበር። ያኔ ማንም ዋስ ሁኚ አላላትም።»

«ልጆችዎስ? አይማከሩም?»

«ምን ብዬ ነው የማማክራቸው? እናታቸውን ማን እንዳጠባት ያውቃሉ።» ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። «ስንት ጉርድ ፎቶ ይፈልጋሉ?»

ሊዲያ፣ «ምን ፎቶ?» አለች።

«የዋስ ፎቶ ነዋ! ሁለት ይበቃል?»

«ሁለት ይበቃል» አልኩ እኔ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። እሳቸውም እኔም እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖረን፣ እንዲህ ዓይነት ነገር እዚህ አለ ወይ ብለን አንዳችንም አልጠየቅንም። ሊዲያ ግን አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን እያየች አፏን ከፍታ ቀረች።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ኃይሉ ለትንሣኤ የሚለብሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በብብታቸው የፕላስቲክ ማኅደር ይዘው ነርሲንግ ሆሙ በር ላይ ጠበቁን። ቢሮው ውስጥ ካረን የምትባል ጸጉረ አጭር ሴት ተቀበለችን። ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሽ ኃይሉ ማኅደሩን ከፍተው የቤታቸውን ወረቀት፣ የጡረታቸውን ወረቀት፣ የውሃ ሒሳብ ደረሰኝ፣ በመጨረሻም ሁለት ጉርድ ፎቶ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

ካረን ፎቶዎቹን አነሳች። ፎቶውን አየች፣ ሰውየውን አየች። አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

ሊዲያ ቀላች። «ፎቶው ያምራል አለች። ግን ምንድን ነው አለች።»

«ንገሪያት እንጂ! አንቺን ልተካ እንደመጣሁ ንገሪያት።»

«ጋሽ ኃይሉ፣ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።»

ካረን ግራ ቢገባት ተነሥታ ኃላፊውን ጠራችው። ረጅም፣ ሽበታም ሰው ነው። ሊዲያ ልታስረዳው ስትሞክር እጁን አንሥቶ አስቆማትና ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ የጠረጴዛውን ስልክ ወደ መሃል ስቦ ደወለ። ትንሽ ቆይቶ ከስልኩ ውስጥ የአንድ ወንድ ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። እርስዎ የሚሉትን ለእሳቸው፣ እሳቸው የሚሉትን ለእርስዎ አደርሳለሁ» አለ።

እዚህ አገር ስኖር ለባለ ቢሮ ሰው በራሴ አፍ፣ በራሴ ቋንቋ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ቀን በልጄ አፍ ነበር የምናገረው፤ ልጄ ደግሞ ያሳፈራትን ታስቀራለች፣ ያልገባትን ትዘላለች። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ጀመርኩ። የአባቴን ነገር ተናገርኩ። የባልደረባዬንም ወሬ ተናገርኩ። «ልጄ ሳታነብ ፈረመች። ይህ ሰው ቤት አላቸው፤ በልጄ ፈንታ ዋስ ሊሆኑ መጥተዋል። እባካችሁ የልጄን ስም አውጡልኝና እናቴን ተቀበሉልኝ» አልኩ። አስተርጓሚው አንድም ቃል ሳያስቀር አደረሰ።

ኃላፊው እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ካረን ያተመችውን የሊዲያን ወረቀት ገልጦ ያንን ገጽ አገኘው፤ አንብቦ ፊቱ ተለወጠ። ካረንን ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም ጣቷን ግንባሯ ላይ አደረገች። እናቴን አንቀበልም ሊሉኝ ነው ብዬ፣ ዊልቸሩን በዚያ ሁሉ ደረጃ እንዴት እንደምናወጣው አስብ ነበር።

ከዚያ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ተከተለው።

«እናትዎ እዚህ እንዲገቡ ዋስ አያስፈልግም። ቤተሰብ ከኪሱ እንዲከፍልልን እንዲፈርም ማስገደድ በሕግ ተከልክለናል። ይህ ገጽ የቆየ ፎርም ነው፤ ልጅዎ ፊት መቅረብ አልነበረበትም። ስህተቱ የእኛ ነው፤ እሰርዘዋለሁ። ወጪው የሚሸፈነው ከእናትዎ ከራሳቸው ገቢና ሜዲኬይድ ከሚባለው የመንግሥት የሕክምና ድጋፍ ነው፤ ማመልከቻውን ሆስፒታሉ ጀምሮታል።»

ሊዲያ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ገና አላመንኩም።

«ልጅ በመሆኔስ?» አልኩ። «እኔም ሆንኩ እሷ፣ ሳንፈርም፣ ልጇና የልጅ ልጇ ስለሆንን ብቻ ሕጉ አያስከፍለንም?»

«ባልደረባዎ የነገረችዎት ዓይነት ሕግ ያላቸው ስቴቶች አሉ። ኮሎራዶ ግን የለውም። እዚህ ልጅ ስለሆኑ ብቻ የእናትዎ ዕዳ የእርስዎ አይሆንም። የእናትዎን ገንዘብ የሚይዙላቸው እርስዎ ከሆኑ ግን ገንዘቡን ለእሳቸው ማዋል ግዴታዎ ነው።»

«ያንን ገጽ እንደሰረዙት በጽሑፍ ይስጡኝ።»

አስተርጓሚው ሲያደርስ ጋሽ ኃይሉ ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ። «ጽጌ፣ ሰውየውን አትመኚውም እንዴ?»

«አባቴም ሰው አምኖ ነው» አልኳቸው።

ኃላፊው አልተቀየመም። ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ጻፈ፣ አተመ፣ ፈረመበት፣ ካረንም ፈረመች። በዕድሜዬ ሙሉ እኔ ነበርኩ ለባለ ቢሮ የምፈርመው፤ ያን ቀን ባለ ቢሮ ለእኔ ፈረመልኝ። ወረቀቱ አሁንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው።

ከዚያ የእናቴ ተወካይ ሆኜ የምፈርመው ሌላ ወረቀት መጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብልኝ አልኩ። ካረን አነበበች፣ አስተርጓሚው መለሰ፣ ያልገባኝን ደግሜ ጠየቅሁ። ሊዲያ ስልኳን አስቀምጣ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። መጨረሻ ላይ ስሜን ከነአባቴ ስም፣ በቀስታ፣ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩ። ያን ጊዜ እጄን በቀሚሴ አልጠረግሁም።

ጋሽ ኃይሉ ወረቀቶቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ።

«ታዲያ እኔ ምንም አልፈርምም?» አሉ። «ክራቫት ሁሉ አስሬ!»

ሊዲያ ለካረን ነገረቻት። ካረንም ስቃ እጃቸውን ይዛ ወደ መግቢያው ወሰደቻቸውና የጎብኚዎች መዝገብ ላይ እንዲፈርሙ ብዕር ሰጠቻቸው። ብዕሯን ትተው ከኪሳቸው የራሳቸውን አወጡ።

እናቴ እኩለ ቀን ሲያልፍ በአልጋ መጣች። ክፍሏ ውስጥ ካስተኟት በኋላ ዓይኖቿ ዙሪያውን ሲቃኙ ቆዩና እኔ ላይ ቆሙ። በዚያ በከበደ አንደበቷ፣ «ጽጌ… ማን… ዋስ ሆነ?» አለችኝ።

ለካ ሆስፒታል ተኝታ እሷም ስታስብ የኖረችው ይህንኑ ነው።

«ማንም እማዬ። እዚህ ዋስ አይጠየቅም።»

ጭንቅላቷን አወዛወዘች። አላመነችኝም። ጋሽ ኃይሉ ወደ አልጋው ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ። እኔ ፈርሜያለሁ።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ጨብጣው የነበረውን ደህናውን እጇን ፈታችና እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም ውሸቱን አላረምኩም፤ እስከ ዛሬም አላረምኩትም።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ ስለዚህ በእኔ ቃል ብቻ አትሂዱ። የምትኖሩበት ስቴት ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ። ግን ይህን ያህል ተምሬያለሁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ውርደት አይደለም፤ በነጻ ነው፣ መብታችሁም ነው። ልጆቻችሁ እንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ብቻ የአዋቂን ሸክም አታሸክሟቸው። «ወረደ ወረደ ሲል ፈረምኩ» ያለችው ልጄ ተሳስታ አይደለም፤ እኔ ለዓመታት ያስለመድኳትን ነው ያደረገችው። ዛሬ ፖስታ ሲመጣ እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ፤ ያልገባኝን አስምሬበት ስልክ ደውዬ «አማርኛ» እላለሁ። ሊዲያ ሁለተኛ ሴሚስተሯን ጀምራለች፤ ማቀዝቀዣው ላይም አሁን የውጤት ወረቀቷ አለ።

እናቷን ጣለቻት ይሉኛል ብዬ የፈራኋቸው ሰዎች በየተራ እየመጡ ይጠይቋታል። ጋሽ ኃይሉ ደግሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ይመጣሉ። እናቴ ዋሷ እንደሆኑ ስለምታምን ታዝዛቸዋለች፤ ትራሱን ከፍ አድርግ፣ መጋረጃውን ግለጥ፣ ልጅቷ ትምህርቷን እንዳትተው ንገራት። እሳቸውም «እሺ እትዬ፣ ፈርሜ የለ?» እያሉ ይታዘዛሉ።

ባለፈው እሑድ ከኋላቸው ደረስኩና መዝገቡ ላይ ለመፈረም ተራዬን ጠበቅሁ። አንደኛው ዓምድ ጎብኚው ለታማሚው ምኑ እንደሆነ ይጠይቃል። ከላይ ያሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ ልጅ፣ እህት፣ ጓደኛ ብለው ሞልተዋል። የጋሽ ኃይሉ ቀለም ገና አልደረቀም። በአማርኛ፣ አጥርተው ጽፈውታል፤ «ዋስ»።